የምንሸጠው ምግብ ምን እንዳለበት ስለ መናገር

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ በምትገኘው በለገጣፎ ከተማ የጭማቂ ቤት ሥራ የተለመደ ንግድ ሆኗል። አቮካዶው፤ ማንጎውና ፓፓያው በአንድ መፍጫ እየተፈጨ ይቀርባል። ይህ ለብዙው ሰው ደስታ ሲሆን ለጥቂቶች ግን አደጋ ነው።

አለርጂ የሚባለው ሕመም ሰውነት ጉዳት የሌለውን ምግብ እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲቆጣ የሚደርስ ነው። ከንፈርና ጉሮሮ ያሳክካል፤ ያሳብጣል፤ ሲብስም ትንፋሽ አሳጥሮ ሊገድል ይችላል። እኔም ማንጎ የማይስማማኝ ሰው ስለ ሆንኩ፤ አቮካዶ ብቻ አዝዤ ከመፍጫው በቀረ ማንጎ ከንፈሬ ያበጠበት ጊዜ አለ። «ማንጎ ነክቶታልን?» ብዬ ስጠይቅ ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ «ምንም አይልዎትም» የሚል ነው። የቀረበን ምግብ አለመብላት በእኛ ዘንድ እንደ ንቀት ስለሚቆጠር፤ ብዙ ሕመምተኛ አፍሮ ዝም ይላል።

አንዳንድ ባለሱቆች «ለጥቂት ሰው ብለን ሥራ አናበዛም» ይላሉ። ነገር ግን እውነቱን መናገር ወጪ የለውም፤ ለብቻው የሚቀመጥ አንድ የመፍጫ ጆግም ዋጋው ከአንድ ሰው ሕይወት ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ነገሩ ላኪዎቻችንንም ይመለከታል። የአውሮፓ ኅብረት ከታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. ጀምሮ 14 ዓይነት አለርጂ አምጪ ምግቦች በማሸጊያ ላይ ጎልተው እንዲጻፉ፤ ሳይታሸግ በሚሸጠውም ምግብ ውስጥ መኖራቸው ለገዢው እንዲገለጽ አዟል። ከእነርሱም ውስጥ ሰሊጥ፤ ኦቾሎኒ፤ ሰናፍጭና የጎጃሙ ግብጦ ይገኛሉ። አሜሪካም ከታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሰሊጥን በግዴታ ከሚገለጹት ምግቦች ጨምራለች። እንግዲህ ሰሊጥ በተበጠረበት ማበጠሪያ ሽምብራ የሚያበጥር ላኪ ይህንኑ ለገዢው ማስታወቅ ይገባዋል።

ስለዚህ ጭማቂ ቤቶች ሲጠየቁ በትክክል እንዲመልሱ፤ ሽሮና በሶ አሽገው የሚሸጡ ኦቾሎኒ ወይም ሰሊጥ የገባበትን በከረጢቱ ላይ እንዲጽፉ፤ አስመጪዎችም በባዕድ ቋንቋ የተጻፈውን የይዘት ዝርዝር በአማርኛ እንዲለጥፉ እናሳስባለን። ምክር ቤታችንም በየሱቁ ግድግዳ የሚሰቀል አንድ ገጽ ማስታወቂያ አሳትሞ ለአባሎቹ ቢያድል መልካም ጅምር ይሆናል።