የአየር ጠባይን እንወቅ፦ ከዝናብ ቀድሞ የሚመጣው ቀዝቃዛ ነፋስ

ባለፈው ሳምንት ዝናብ ከየት እንደሚመጣ ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ደግሞ ስለ ወጀብ እናነባለን። ወጀብ የምንለው ኃይለኛ ነፋስና ዶፍ ዝናብ አንድ ላይ ሲመጡ ነው።

ነጎድጓድ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ትንሽ አጉረምርሞ ያልፋል። ሌላው ግን ደመናው እንደ ግድግዳ ተደርድሮ ይመጣል። ሰብል ያስተኛል፤ ጣራ ይገነጥላል። ይህ የሚሆነው አራት ነገሮች ሲገናኙ ነው።

አንደኛ፣ ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ሞቃትና እርጥብ ሲሆን። ሞቃት አየር ቀላል ነው። ከድስት እንደሚወጣ እንፋሎት ሽቅብ ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ በላይ ያለው አየር በጣም ሲቀዘቅዝ። ያን ጊዜ ሞቃቱ አየር መውጣቱን አያቆምም። ደመናው ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ሊቆለል ይችላል።

ሦስተኛ፣ በመካከል ደረቅ አየር ሲኖር። እንስራ ሲያልበው ውሃው ይቀዘቅዝ የለም? እንዲሁም ከዝናቡ ከፊሉ በደረቁ አየር ውስጥ ይተናል፤ አየሩንም ያቀዘቅዘዋል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ መሬት ይወርዳል።

አራተኛ፣ የታችኛውና የላይኛው ነፋስ ሲለያዩ። ባይለያዩ ዝናቡ በሞቃቱ አየር ላይ ይወርድና ያዳክመዋል፤ እሳት ላይ ውሃ እንደ መድፋት ነው። ሲለያዩ ግን ዝናቡ ወደ ጎን ይወርዳል። ደመናውም ዕድሜ ያገኛል።

የወረደው ቀዝቃዛ አየር እንደ ፈሰሰ ውሃ መሬት ላይ ይዘረጋል። ከፊቱ ባለው ሞቃት አየር ሥር ገብቶ ያነሳዋል። አዲስ ደመና ይወለዳል። አሮጌው ሲደክም አዲሱ ይተካል። የደመናው ተርታ እንዲህ እየታደሰ ይጓዛል።

ከጎረቤታችን ከሱዳን እስከ ሴኔጋል ያለው ደረቅ ምድር ሣህል ይባላል። በዚያ በክረምት አራቱም ይገናኛሉ። እርጥብ ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ በታች ይገባል። ደረቅ አየር ከሰሐራ ይመጣል። ከ3 እስከ 4 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ ፈጣን የምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል። ተርታው ወደ ምዕራብ ሲጓዝ ከፊቱ የአቧራ ግድግዳ ሊነሳ ይችላል። ሱዳኖች «ሀቡብ» ይሉታል። የሆነ ሆኖ የሣህል ገበሬ አብዛኛውን ዝናብ የሚያገኘው ከዚሁ ደመና ነው።

ታዲያ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ቀኑ ሞቆ ውሎ ድንገት ቀዝቃዛ ነፋስ ከመጣ፣ ደመናው ደርሷል ማለት ነው። መብረቅ ዝናቡን ቀድሞ ሊወድቅ ይችላል። እረኛ ልጆቻችን ዛፍ ሥር እንዳይጠለሉ እንንገራቸው። ከኮረብታ ጫፍና ከወንዝም ይራቁ። የሣር ቤት ከመብረቅ አያድንም። ግድግዳውንና ምሰሶውን አትደገፉ። የተዘጋ መኪና በአቅራቢያ ካለ እርሱ ይበልጣል።

ብልጭታውን ስታዩ ቁጠሩ። ድምፁ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። 30 ሳትደርሱ ከሰማችሁ አደጋው ቅርብ ነው። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ቆዩ።

መብረቅ የመታውን ሰው መንካት አያስፈራም። በሰውነቱ ውስጥ ኤሌክትሪክ አይቀርም። ፈጥናችሁ እርዱት፤ ወደ ጤና ጣቢያም አድርሱት።

እንወያይ፦
1. ቀዝቃዛው ነፋስ ከየት ይመጣል?
2. በሰፈራችሁ እረኞች ዝናብ ሲመጣ የት ይጠለላሉ? የተሻለ ቦታስ አለ?