«ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ» የሚል ማዘዣ ገደብ የለውም

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼም፣

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ፦ «ፖሊስ የፍርድ ቤት ማዘዣ ይዞ ቤት ከመጣ ስልኩንም ላፕቶፑንም ጠራርጎ መውሰድ ይችላል ወይ?» ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። አጭሩ መልስ፦ ማዘዣው ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው የሚወስደው። ችግሩ ያለው ማዘዣው ላይ የሚጻፈው ነገር ላይ ነው።

መጀመሪያ ሕጉን እናስታውስ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የማንኛውንም ሰው ቤት፣ ሰውነትና ንብረት ከብርበራ፣ በይዞታው ያለውንም ዕቃ ከመያዝ ይጠብቃል። ደብዳቤውም፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነትም አይደፈርም። ይህን መብት መገደብ የሚቻለው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖር፣ አንቀጹ ለዘረዘራቸው ዓላማዎችና በዝርዝር ሕግ ብቻ ነው።

ወደ ዝርዝሩ ስንወርድ የ1954ቱን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እናገኛለን። በአንቀጽ 32 መሠረት ቤት ያለ ማዘዣ አይበረበርም። ልዩ ሁኔታዎቹ ጥቂት ናቸው፦ ፖሊስ እያሳደደው ያለ ሰው ቤት ውስጥ ሲገባ፣ ወይም ከሦስት ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ማዘዣ እስኪወጣ ድረስ ማስረጃው ሊሸሽ እንደሚችል ለማመን በቂ ምክንያት ሲኖር። አንቀጽ 33 ደግሞ ማዘዣው የሚፈለገውን ዕቃ ለይቶ መግለጽ አለበት፣ ፖሊስም ከዚያ ውጭ መያዝ አይችልም ይላል። ፍርድ ቤቱ ለይቶ ካላዘዘ በቀር ሰዓቱም ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ብቻ ነው። ግልጽ አይደል?

ግን እኮ በ1954 «ዕቃ» ሲባል ሽጉጥ፣ ሐሰተኛ ማኅተም፣ የተሰረቀ ራዲዮ ነበር። ማኅተም ፈልጎ የመጣ ፖሊስ ማኅተሙን ካገኘ ሥራው አለቀ፤ የእናትህን ደብዳቤ የሚያነብበት ምክንያት የለውም። ስልክ ግን ደብዳቤውም፣ የባንክ ሂሳቡም፣ የሐኪም ውጤቱም፣ የልጆች ፎቶውም፣ ባልና ሚስት የተነጋገሩትም አንድ ላይ ያሉበት ነው። ማዘዣው ላይ «አንድ ስልክ» ተብሎ ሲጻፍ ዕቃው ተለየ እንጂ ውስጡ አልተለየም። «ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ» ሲባልማ ዕቃውም አልተለየ!

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ የነገረችኝን ላካፍላችሁ። ወንድሟ በአንድ ስልክ ቁጥር በተደረገ የገንዘብ ዝውውር ማጭበርበር ተጠረጠረ። ከቤት የወጣው ግን የእሱ ስልክ ብቻ አልነበረም፤ የእሷ ላፕቶፕ፣ የአባታቸው ታብሌት፣ የታናሽ እህታቸው ስልክ፣ ሦስት ፍላሽ፣ የዋይፋይ ማሰራጫው ሳይቀር ተወሰደ። የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፏ ላፕቶፑ ውስጥ ነበር። ማዘዣ ነበረ፣ ሰዓቱ ቀን ነው፣ ማንም ክፉ አልተናገራቸውም። እኔን ያሳሰበኝ ይኸው ነው። ሁሉም ሥርዓቱን ጠብቆ፣ ምንም ያልተጠረጠሩ ሦስት ሰዎች ለወራት «ኤግዚቢት ነው፣ ምርመራው አላለቀም» እየተባሉ ተመላለሱ።

የመርማሪዎችን ሐሳብም እሰማለሁ። ማንም አጭበርባሪ ፋይሉን «የማጭበርበር ሰነድ» ብሎ አያስቀምጥም። ሳሎን ቆሞ ፋይል መለየት አይቻልም፣ ባለሙያ ይፈልጋል። መረጃው ከሩቅ ሊጠፋም ይችላል። ልክ ናቸው፤ አንዳንዴ ዕቃውን መውሰድ ግድ ነው። ይሁን እንጂ ዕቃውን መውሰድ አንድ ነገር ነው፣ ውስጡን እንዳሻ መበርበር ሌላ፣ ወራት ማቆየት ደግሞ ሌላ። ለኮምፒውተር ወንጀል የወጣው አዋጅ ቁጥር 958/2008 እኮ መርማሪው በማዘዣ መረጃውን ገልብጦ ቅጂ እንዲይዝ ይፈቅዳል። ቅጂው ከተያዘ የልጅቷ ላፕቶፕ መጋዘን ውስጥ ምን ይሠራል? ይኸው አዋጅ ፍለጋው ሌላ ማዘዣ ሳያስፈልግ ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ተያያዘው ሌላ እንዲሰፋም ይፈቅዳል። በሩ ይህን ያህል ሰፊ ከሆነ የመጀመሪያው ማዘዣ ይበልጥ ጠባብ መሆን አለበት።

ቅጂም ቢሆን ማብቂያ ይፈልጋል። በዚህ ሌሎችም ተቸግረዋል። አሜሪካ ውስጥ በ2003 እ.ኤ.አ. መርማሪዎች በማዘዣ የአንድ ሂሳብ ባለሙያን ኮምፒውተሮች ሙሉ በሙሉ ገለበጡ። የሚፈለገው የደንበኞቹ ጉዳይ ነበር። የራሱን የግል ፋይሎች ግን ከሁለት ዓመት በላይ አቆይተው በኋላ በእሱ ላይ ለተነሳ የግብር ጉዳይ ተጠቀሙባቸው። በ2014 የይግባኝ ችሎት ይህ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ። በ2016 ግን የዚያው ፍርድ ቤት ዳኞች በሙሉ ተሰይመው መርማሪዎቹ በቅን ልቦና ነው የሠሩት በማለት ፍርዱን አጸኑ፤ ዋናውን ጥያቄ ሳይመልሱ አለፉት።

ለእኛ አዲስ አዋጅ እስኪወጣ መጠበቅ አያስፈልገንም ባይ ነኝ። አንቀጽ 33 «ለይቶ» ብሏል። ዳኛው አራት ነገር ቢጽፍ ይበቃል፦

1. የማን፣ የትኛው ዕቃ፤ የተጠርጣሪው ወይስ የቤተሰቡ
2. የሚፈለገው ምን ዓይነት መረጃ እንደሆነ
3. ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ያለ መረጃ
4. ዕቃው በስንት ቀን እንደሚመለስና የማይፈለገው ቅጂ መቼ እንደሚጠፋ

ስለ ይለፍ ቃልም ትጠይቃላችሁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ለተያዘ ሰው ዝም የማለት መብት ይሰጣል፤ አንቀጽ 20 ደግሞ የተከሰሰ ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም ይላል። በእኔ እምነት ተጠርጣሪን «ኮዱን ተናገር» ብሎ ማስገደድ ከዚህ ጋር አይሄድም።

ቤታችሁ ከተመጣ ደግሞ አትከራከሩ፣ አትጋፉ። ማዘዣውን አንብቡ፤ ቀኑን፣ ማኅተሙን፣ የተጻፈውን ዕቃ ተመልከቱ። የተወሰደው እያንዳንዱ ዕቃ ከነሲሪያል ቁጥሩ መመዝገቡን ሳታዩ አትፈርሙ። ማዘዣው ላይ የሌለ ዕቃ ከተወሰደ ይህንኑ ጽፋችሁ ፈርሙ፣ ከዚያ ሳትዘገዩ በጠበቃ በኩል ይመለስልን ብላችሁ ለፍርድ ቤቱ አመልክቱ።

ዳኛና ዐቃቤ ሕግ የሆናችሁ ልጆቼ፣ ይህን ጽሑፍ በዋናነት ለእናንተ ነው የጻፍኩት። ነገ ጠዋት አንድ የማዘዣ ጥያቄ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲመጣ «የትኛው? የማን? እስከ መቼ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጠበቆች ደግሞ የደንበኛችሁን ዕቃ በአቤቱታ ያስመለሳችሁ ካላችሁ፣ እንዴት እንዳቀረባችሁት ስም ሳትጠቅሱ ከታች ጻፉልን፤ ብዙ ሰው ይጠቀምበታል።

ሰላም ዋሉ።