ማን ገዛው?

ባለፈው መንፈቅ ዓመት በዚሁ ቡለቲን የመጀመሪያ ገጽ ላይ አንድ ዜና ወጥቶ ነበር። ርዕሱ እስካሁን ከአእምሮዬ አልጠፋም፤ «የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች የማር ግብይትን የሚለውጥ ቴክኖሎጂ ፈጠሩ» ይላል። ዜናውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ፈጠሩ» ከተባሉት አራት ተማሪዎች መካከል አንዱም እኔው ነኝ። ከሳሹም ዳኛውም አንድ ሰው ሲሆን ፍርዱ ምን እንደሚመስል አንባቢ ይገምት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በግቢያችን የሥራ ፈጠራ ውድድር ይካሄዳል የሚል ማስታወቂያ ወጣ። እኔና ሁለት የክፍሌ ልጆች ኮምፒዩተር ሳይንስ የሚያጠና አንድ ጓደኛችንን ይዘን ማር የሚሸጥ የሞባይል አፕ ሠራን። እውነቱን ለመናገር የሠራው እሱ ነው፤ እኛ ስም አወጣን፣ ቀለም መረጥን፣ ንግግር አዘጋጀን። ሁለተኛ ወጣን። ሰርተፊኬት ተሰጠን፣ ተጨበጨበልን፣ ፎቶ ተነሳን። ከዚያ እኔ ቁጭ ብዬ ዜናውን ጻፍኩት። ሐሳቡ እንዴት እንደመጣልን፣ ስንት ሌሊት እንዳላደርን፣ ለአገራችን ምን ራዕይ እንዳለን... ሁሉም አለበት። የሌለበት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ስንት ሰው ገዛ? መልሱ ዜሮ ነበር። አንድ ኪሎ እንኳን አልተሸጠም።

ጥያቄውን የጠየቀኝ ጋዜጠኛ አይደለም፤ አጎቴ ናቸው። እኔ ተወልጄ ያደግኩት ሐይቅ ከተማ ነው። የእናቴ አገር ግን አምባሰል ነው፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም ዛሬም ከውጫሌ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ንብ ያረባሉ። የአምባሰልን ማር ለማያውቅ ሰው ምን ብዬ እንደማስረዳ አላውቅም። (ቅኝቱን የሚያውቅ ማሩንም ይገምተው ይሆናል።) አጎቴ በእኛ አምነው በሁለት ጄሪካን 20 ኪሎ ማር በዱቤ ላኩልን፤ አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት። በሦስተኛው ሳምንት ደወሉ።

«አንተ ልጅ፣ ማሩን ማን ገዛው?»

«አጎቴ፣ እስካሁን 140 ሰው አውርዶታል» አልኳቸው በኩራት።

«ካወረዱትማ ጥሩ ነው። ታዲያ ገንዘቡ የታለ?»

እሳቸው የመሰላቸው 140 ሰው ማሩን ከመኪና ላይ አውርዶ ወደየቤቱ የወሰደው ነው። መጀመሪያ ሳቅኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ሳቁ ጠፋ። ምክንያቱም የእሳቸው «ማውረድ» ከእኔ «ማውረድ» የተሻለ ትርጉም አለው። እሳቸው ዘንድ የወረደ ነገር ዋጋው ይከፈላል።

ከዚያ በኋላ ነው ዞር ዞር ብዬ ሰው መጠየቅ የጀመርኩት። መምህራንን ጠየቅኩ፣ ደሴ ውስጥ ቁርስ ቤት ያላትን የጓደኛዬን እናት ጠየቅኩ፣ የግቢ ጥበቃዎችን ጠየቅኩ። ሁሉም ማር ይፈልጋሉ። ሁሉም ግን አንድ ነገር አሉኝ፤ «ስኳር ያልተቀላቀለበት መሆኑን በምን አውቃለሁ?» እኛ አፕ ስንሠራ የፈታነው ችግር ማር ማግኘት አለመቻልን ነበር። ማር እኮ የትም አለ! ችግሩ እምነት ነው። በአፑ ላይ የለጠፍናት ንብ ራሷ ከኢንተርኔት የወሰድናት የፈረንጅ ንብ ነበረች፤ የአጎቴን ቀፎ ፎቶ ለማንሳት እንኳን አምባሰል አልሄድንም።

የሲሊከን ቫሊ ሰዎች ይህን ቀድመው ያውቁታል። እኛ ከእነሱ የተማርነው ግን ቃላቱን ብቻ ይመስለኛል፤ «ስታርታፕ»፣ «ኢኖቬሽን»፣ «ፒች»። ዋይ ኮምቢኔተር የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የተቋቋመውና ጀማሪ ኩባንያዎችን የሚደግፈው ድርጅት መሥራች ፖል ግራሃም ደጋግሞ የሚመክረው ነገር አለ፤ መጀመሪያ ላይ ለብዙ ሰው ሊሠራ የማይችለውን፣ አድካሚውን ሥራ በእጅህ ሥራ ይላል። ኤርቢኤንቢን ያቋቋሙት ልጆች እ.ኤ.አ. በ2009 ኒውዮርክ ውስጥ ገበያ እምቢ ሲላቸው አዲስ አፕ አልሠሩም። ካሜራ ይዘው ቤቶቻቸውን የሚያከራዩትን ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ክፍሎቹን ራሳቸው ፎቶ አነሱ። በዚያውም ከደንበኞቻቸው ጋር ቁጭ ብለው አወሩ። ይህን ሳነብ የመጣብኝ አጎቴ ናቸው። እሳቸው ማር ሲሸጡ መጀመሪያ በጣታቸው ጫፍ ያስቀምሳሉ። ቀጥለው ቀፎው የት እንደተሰቀለና የትኛው አበባ ሲያብብ እንደተቆረጠ ይነግራሉ። የገዢውን ስም በቃላቸው ይይዛሉ፤ ሲሞትባቸውም ለቅሶ ይደርሳሉ። ፖል ግራሃምን አያውቁትም፤ ምክሩን ግን ከመወለዱ በፊት ይሠሩበት የነበሩ ሰዎች ልጅ ናቸው።

እምነትን በተቋም ለመገንባት የሞከረችውንም እናውቃለን። ዶ/ር እሌኒ ገብረመድኅን የእህል ገበያችንን ስታጠና ያየችው ነጋዴው ከሚያውቀው ሰው ጋር ብቻ የሚገበያይ መሆኑን ነው፤ ጆንያውን ፈትቶ ካላየ አያምንም። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ የቆመው ለዚህ ነው። ምርቱ መጋዘን ይገባል፣ ይመዘናል፣ ደረጃ ይወጣለታል፤ ከዚያ በኋላ ገዢና ሻጭ ባይተዋወቁም ደረሰኙን አምነው ይገበያያሉ። ትልቅ ሐሳብ ነው። ነገር ግን የቡናው ታሪክ አንድ ነገር ያሳያል። ቡና በደረጃ ተደባልቆ ሲሸጥ ከየትኛው አርሶ አደር ወይም ከየትኛው ማጠቢያ ጣቢያ እንደመጣ መለየት አስቸገረ፤ ለስሙ ብለው ውድ ዋጋ የሚከፍሉ የውጭ ገዢዎችም አጉረመረሙ። ለበቆሎ ደረጃው ይበቃል። ለአምባሰል ማር ግን ስሙን ካጠፋህበት ምን ቀረው? እኛም በአፓችን ላይ የጻፍነው «ንጹህ የተፈጥሮ ማር» የሚል ነበር። አምባሰል የሚለውን ቃል አላስገባነውም፤ አንድ ጓደኛችን «ገበያችንን ያጠብብናል» ብሎ ነው። ይቺ ስህተት እስካሁን ትቆጨኛለች።

ሌላም አለ። ሳምራዊት ፍቅሩ ራይድን እ.ኤ.አ. በ2014 ስትጀምር አገልግሎቱ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ነበር። ሐሳቡ የመጣላት ራሷ ከሥራ አምሽታ ስትወጣ ታክሲ በማጣትና በዋጋ ክርክር ስለተቸገረች ነው። አፑ በኋላ መጣ፤ ያም ሆኖ 8294 ደውሎ መኪና ማዘዝ አልቀረም። አንዳንዱ ይህን እንደ ኋላቀርነት ያየው ይሆናል። እኔ ግን የደቡብ ወሎ ልጅ ነኝ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅና አምባሰልን ባዳረሰ ጊዜ መብራቱም ስልኩም ባንኩም ጠፍቶ አይቻለሁ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። እዚህ አገር ላይ ያለ ኢንተርኔት አንድ እርምጃ የማይራመድ ንግድ የሚያቅድ ሰው የት እንደሚኖር የረሳ ሰው ነው። እኛ አራታችንም ያንን ጊዜ በዓይናችን አይተን ሳለ ዕቅዳችን ውስጥ አንዲት የስልክ ቁጥር አልነበረችም። ምን ይባላል?

ለጋዜጠኝነት ተማሪ ከሁሉም በላይ የሚቀርበው ግን የኖህ ሰማራ ታሪክ ነው። አዲስ አበባ የተወለደው ኖህ እ.ኤ.አ. በ1990 ዋሽንግተን ላይ ወርልድስፔስን አቋቋመ። ዓላማው ያምር ነበር፤ ኤድስ አፍሪካን ሲጨርስ ሕዝቡ መረጃ የሚያገኝበት መንገድ ስለሌለው ሬዲዮን በሳተላይት ከሰማይ ላወርድለት አለ። (ይኸው፣ አሁንም ማውረድ።) ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። አፍሪስታር የተባለችው ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ1998 መጠቀች፤ ኤዥያስታር በ2000 ተከተለቻት። ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ቴክኖሎጂው ሠራ። እንግዲህ ጥያቄው ይመጣል፤ ማን ገዛው? መቀበያ ሬዲዮው ለአፍሪካ ገጠር ሰው የማይቀመስ ነበር። በኋላ በየወሩ የሚከፈል ሲሆን ከፋዮቹ በአብዛኛው ህንድ ውስጥ ነበሩ እንጂ መጀመሪያ የታሰበለት ሕዝብ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2008 ኩባንያው ከአበዳሪዎቹ የሕግ ከለላ ጠየቀ። እኔ በኖህ አልስቅም፤ እንዲያውም እንደሱ አርቆ ያሰበ ሰው በሙያችን ዙሪያ ጥቂት ነው። ግን የዚያን ሁሉ ዓመት አድናቆት የጻፉት ጋዜጠኞች የሬዲዮውን ዋጋ ከአንድ ገበሬ የዓመት ገቢ ጋር አስተያይተው ቢጽፉ ምን ነበረበት?

አሁን ደግሞ ከእነዚህ ሰዎች ትምህርት የማልቀበለውን ልናገር። «ቶሎ ውደቅ፣ ከውድቀት ተማር» የሚሉት ነገር አለ። በውድድሩ ቀን የመጡ እንግዳም ይህንኑ ነገሩን፤ አጨበጨብንላቸው። ለአሜሪካ ባለሀብት ልክ ነው። አንዲ ቤክቶልሻይም እ.ኤ.አ. በ1998 ለጉግል መሥራቾች የ100,000 ዶላር ቼክ ሲጽፍላቸው ኩባንያው ገና በሕግ አልተመዘገበም ነበር። ገንዘቡ ቢጠፋ እራቱን አያድርም? እነዚህ ባለሀብቶች ብራቸውን በብዙ ኩባንያ ላይ ይበትናሉ፤ አብዛኛው እንደሚከስር ቀድመው ያውቃሉ፤ አንዱ ከተሳካ የሌሎቹን ይመልሳል። የእኔ ባለሀብት አጎቴ ናቸው። 20 ኪሎው ማር በሬ መግዣ ላይ የሚጨመር፣ የልጅ ደብተር የሚገዛበት ነው። እሳቸው ያላቸው ኩባንያ አንድ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። በእሳቸው ገንዘብ ቶሎ ልውደቅ ብል ነውር ነው። እዚህ ከሌላው ገንዘብ ይልቅ የዕቁብና የዘመድ ገንዘብ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ትንሽ ጀምሮ፣ መጀመሪያ ሸጦ፣ ከዚያ ማስፋት ፍርሃት ሳይሆን ሒሳብ ይመስለኛል።

የምቀበለው ግን አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ለእሱ ደግሞ ካሊፎርኒያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1957 ስምንት መሐንዲሶች ከአለቃቸው ከሾክሌይ ተለይተው ፌርቻይልድ ሰሚኮንዳክተርን አቋቋሙ። ከእነሱ ሁለቱ፣ ኖይስና ሙር፣ በ1968 ወጥተው ኢንቴልን መሠረቱ። ሌላው፣ ክላይነር፣ በ1972 የሌሎችን ኩባንያ በገንዘብ የሚደግፍ ድርጅት አቋቋመ። ሲሊከን ቫሊ ሲሊከን ቫሊ የሆነው ተማሪ ከመምህሩ ወጥቶ የራሱን ስለሚተክል ነው። እኔ ባደግኩበት ከተማ አጠገብ፣ በሐይቁ ላይ ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ ያደረገው ይህንኑ ነው። መጻሕፍት ተሰበሰቡ፣ ተጻፉ፣ ደቀ መዛሙርት ተማሩ፤ ከዚያ ወጥተው ሌላ ቦታ ገዳም ተከሉ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚያ ተምረው በኋላ በሸዋ ደብረ አስቦን፣ ዛሬ ደብረ ሊባኖስ የምንለውን፣ መሠረቱ። እኔ ያደግኩት በሌላ እምነት ነው፤ ቢሆንም ይህን ታሪክ የሐይቅ ልጅ ሁሉ እንደራሱ ያየዋል። ገዳም ኩባንያ ነው እያልኩ አይደለም፤ ሰው እንዳይቀየመኝ። መካሪና ተመካሪ ያለበት ቦታ አንዱን ሲያወጣ ሌሎች አሥር ይወጣሉ ለማለት ነው። እኛ ዘንድ ውድድሩ ሲያልቅ አዳራሹ ይቆለፋል። ከእኛ በፊት አንደኛ የወጡት ልጆች የት እንደደረሱ ጠይቄ የነገረኝ ሰው የለም። ከእነሱ ስህተት ተምረን ቢሆን ኖሮ የእኛን ግማሹን ባልሠራነው ነበር።

ስለዚህ ለዚህ ቡለቲን አዘጋጆች (እኔም አንዱ ነኝ) አንድ ሐሳብ አለኝ። «ወጣቱ የፈጠራ ባለሙያ» የሚለውን ዜና ማተም አንከልክል። ነገር ግን ዜናው ሲመጣ ስንት ሰው በገንዘቡ እንደገዛና ስንቱ ተመልሶ እንደገዛ ካልተጻፈበት ለጸሐፊው ይመለስለት። ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ ገንዘቡ ከማን እንደመጣም ይጠየቅ። ያልተሸጠም ከሆነ «ገና አልተሸጠም» ተብሎ ይጻፍ፤ ሰው አይሞትበትም። በስድስተኛው ወር ደግሞ አንድ ተማሪ ተመልሶ ሄዶ ይጠይቅ። የመጀመሪያው ተጠያቂ እኔ ልሁን።

መልሴን ከወዲሁ ላስቀምጥ። አፑን ከዘጋነው ሦስት ወር ሆነ። ማሩን በግማሽ ኪሎ ብልቃጥ ከፋፍለን፣ የአጎቴን ስምና «አምባሰል» የሚለውን ቃል በእጃችን ጽፈን፣ በማንኪያ እያስቀመስን ሸጥነው። 20ው ኪሎ በአምስት ሳምንት አለቀ፤ ገንዘቡን በቴሌብር ላክሁላቸው። አሁን በደብተሬ ላይ 31 ስም አለ፤ ከእነዚህ 9ኙ ሁለተኛ ጊዜ ገዝተዋል። አጎቴ ትናንት ደውለው ሌላ 15 ኪሎ ልላክ ወይ አሉኝ። መጀመሪያ ለዘጠኙ ልደውልላቸው፣ ከዚያ እነግርዎታለሁ ብያቸዋለሁ። እስካሁን አራቱን አግኝቻለሁ።