ርካሽ የሚመስለው ማገዶ ስንት ያስከፍላል?

ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው መካነ ሰላም እና በአካባቢዋ ደጋ ማገዶ ለእንጀራ ብቻ ሳይሆን ብርድን ለመከላከልም ያስፈልጋል። ምርጫው በአብዛኛው የባሕር ዛፍ ፍልጥ ወይም ኩበት ነው። ኩበት ከጓሮ ስለሚገኝ ነጻ ይመስላል።

ነጻ ግን አይደለም። የነደደ ኩበት ከማሳ የቀረ ማዳበሪያ ነው፤ ናይትሮጅኑ በጭስ ይጠፋል፤ ለአፈሩ የሚሆነው ብስባሽም ይቀራል። የማዳበሪያ ዋጋ በናረበት ወቅት አርሶ አደሩ የጎደለውን በጥሬ ገንዘብ ይተካል።

ባሕር ዛፍም በሸክሙ ትልቅነት ብቻ ሊገዛ አይገባም። አዲስ ከተቆረጠ እንጨት ክብደት ግማሽ የሚጠጋው ውኃ ነው። 20 ኪሎ ግራም እርጥብ ሸክም የገዛ ወደ 10 ኪሎ ግራም ውኃ ገዝቷል፤ እሳቱም ውኃውን በማትነን ይደክማል፤ ቤቱም በጭስ ይታፈናል። የደረቀ ፍልጥ ጫፉ የተሰነጠቀ፣ ሲጋጭ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥ ነው። በበጋ ገዝቶ ዝናብ በማይደርስበት፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ መደርደር ያዋጣል።

ምድጃውም ከሂሳቡ አይቀርም። “ምርጥ” የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል።

ስለዚህ “ፍግን ለኮምፖስት አውሉ” የሚለው የወረዳ ባለሙያዎች ምክር ከምድጃ ስርጭት እና ለማገዶ ከሚሆን ችግኝ ጋር መቅረብ ይኖርበታል። ካልሆነ ኩበቱ መንደዱን ይቀጥላል፤ ጫናውም ወደ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ደን ይዞራል።