የዶርዜ ቤት ያለ ጋጣው ምንድነው?

ቲክቶክ ላይ «ዶርዜ» ብላችሁ ብትፈልጉ የሚመጣላችሁ ያው ነው፤ የዝሆን ፊት የሚመስል ቤት፣ ቆጮ በማርና በዳጣ፣ ጭፈራ። ወደ ፊት የወጣው መግቢያ ኩምቢው፣ ከላይ ያሉት ሁለቱ የጭስ መውጫዎች ዓይኖቹ ናቸው ይሏችኋል። ያምራል፣ ምንም አይወጣለትም። ካሜራው ቶሎ የሚያልፈው ግን ከበሩ ገባ ብሎ በቀርከሃ የተከለለውን የከብት ጋጣ ነው። ለእኔ የቤቱ ዋና ነገር እሱ ነው።

አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ማታም በቲሸርት ትዞራላችሁ። በጨንቻ መንገድ ወደ ዶርዜ ስትወጡ ግን አባያ ሐይቅ ከታች እየራቀ ጃኬት ያምራችኋል፤ ከፍታው ከ2,500 ሜትር ያልፋል። እዚያ ሌሊቱን ቤት የሚያሞቀው ምድጃው ብቻ አይደለም፣ ላሞቹም ናቸው። ማገዶ የማይጠይቅ ማሞቂያ በሉት። ከብቱም ከሌባና ከጅብ ይድናል። ጠዋት እበቱ ተጠርጎ ወደ ጓሮው እንሰት ይሄዳል፤ ፍግ ያጣ እንሰት ደግሞ ይኮሰምናል። እንሰቱ በተራው ለሰው ቆጮ፣ ለከብት ቅጠል ይመልሳል። ኢኮኖሚክስ ስማር ምንም ስለማይባክንበት ምርት ብዙ ግራፍ አይቻለሁ፤ እንደዚህ ጋጣ የገባኝ ግን የለም።

ቤቱ ራሱ እንደ ቅርጫት ከቀርከሃ የተሸመነ ነው። አዲስ ሲሠራ ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላው ይቆረጥና ቤቱ ዝቅ ይላል፣ ኑሮ ይቀጥላል። ካስፈለገም ጎረቤት ተሰብስቦ ተሸክሞ ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል። የምድጃው ጭስ ነፍሳትን ስለሚያርቅ ቀርከሃው ብዙ ዓመት ይቆያል።

አሁን ቆርቆሮ እየበዛ ነው። በዚህ ማንንም አልወቅስም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሰውና ከብት ይለያይ የሚሉት በምክንያት ነው፤ ጭሱም ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ሎጅ ውስጥ አንድ ሌሊት አድሮ የሄደ ሰው «ባህላችሁን ለምን ትተዋላችሁ» ሲል ግን ይገርመኛል። እሱ ያደረበት ቤት ውስጥ በጋጣው ፋንታ ሻወር ነው ያለው!

እዚህ ላይ ነው ክርክሬ። ቅርጹን ብቻ ይዘን «ቅርስ ጠበቅን» ማለት ራስን ማታለል ነው። ገበሬው ቤቱን የሚያድሰው ቤተሰቡና ላሞቹ ስለሚያድሩበት ነው እንጂ ለፎቶ ብሎ ቀርከሃ አይገዛም። ላሞቹ ሲወጡ እድሳቱ ይቀራል፣ እድሳቱ ሲቀር ቤት መሸመን የሚችለው እጅ ሥራ ያጣል። ያ ሰው ልጁን ምን ብሎ ያስተምረዋል?

መሀል መንገድ ያለ ይመስለኛል። ቤተሰቡ ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ ይተኛ፣ አሮጌው ቤት ከነጋጣው ለከብቱና ለማብሰያ ይቆይ። ወጪው ግን የባለቤቱ ብቻ መሆን የለበትም። ጎብኚ ከሚከፍለው ገንዘብ የተወሰነው ለቀርከሃና ለሸማኙ የቀን ሂሳብ ተለይቶ ይቀመጥ። እናንተም ስትሄዱ ጋጣውን አሳዩኝ በሉ፤ ከከፈላችሁት ውስጥ ለቤቱ እድሳት ስንቱ እንደሚደርስም ጠይቁ።