የግድቡ የዕለት ቁጥር ለካርቱም ይድረስ



ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ስለ ሜጋዋቱ፣ ስለ ቦንዱና ስለ ካይሮ ክስ በመጽሔታችሁ የጻፋችሁትን ተከታትያለሁ። ካርቱም፣ ዴይም ሰፈር ለኖርነው አበሾች ግን አንድ ጥያቄ ቀርቶብናል፦ ከግድቡ በየቀኑ የሚለቀቀው የውኃ መጠን ለምን ለሕዝብ አይነገርም?

ካርቱም ጎርፍን የምትጠብቀው በዓይን ነው። ጥቁርና ነጭ ዓባይ ከሚገናኙበት ሥፍራ ያለችው የቱቲ ደሴት ነዋሪ ክረምት ሲገባ ወንዙ ዳር ተራ እየገባ ያድራል፤ የጥበቃ ቦታውን «ታያ» ይለዋል። ከእኛ ደጋ አፈር ጠርጎ የደፈረሰው ውኃ ወደ ላይ ሲገፋ የነቃው የተኛውን ይጠራል፣ ጎረምሳው ጆንያ በአፈር እየሞላ ዳሩን ይደፍናል። የሚያኮራ ወግ ነው። ችግሩ፣ ጩኸቱ የሚሰማው ውኃው ደጅ ከደረሰ በኋላ ነው።

የሃይድሮሎጂ ባለሙያ ሞዴል ግን የላይኛውን ዝናብና ፍሰት ተቀብሎ የታችኛውን ከፍታ አስቀድሞ ያሰላል። በኢትዮጵያና በሱዳን ድንበር ላይ ካለው የኤል ዴይም መለኪያ ጣቢያ እስከ ካርቱም ወንዙ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚጓዝ ለመዘጋጀት የቀናት ፋታ አለ። አሁን ግን ከድንበሩ በላይ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ግድብ አለ። በተርባይኑና በማስተንፈሻው የወጣው ካልታወቀ፣ ዝናቡን ብቻ ይዞ የሚሰላው ግምት ነው።

የ2012ን ክረምት አስታውሱ። ሐምሌ ላይ የመጀመሪያው ሙሌት ሲጀመር የሱዳን መስኖ ሚኒስቴር ፍሰቱ በቀን በ90 ሚሊዮን ሜትር ኩብ መቀነሱን የተናገረው ኤል ዴይምን አንብቦ ነው፤ በካርቱም አንዳንድ የመጠጥ ውኃ ጣቢያዎችም ሥራ አቆሙ። ክረምቱ ሳያልቅ ደግሞ ወንዙ 17 ሜትር ተኩል ገደማ ደርሶ የ1938ቱንና የ1980ውን ጎርፍ በለጠ። ሱዳን የሦስት ወር አስቸኳይ ጊዜ አወጀች።

«ቁጥሩን ለታችኞቹ አገሮች ከሰጠን መልሰው ይከሱበታል» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እስቲ ምን ደበቅን? ሐይቁ ሲሰፋና ሲጠብ ሳተላይት ያየዋል። መስከረም 2018 ሱዳን ስትጥለቀለቅ ካይሮ ጥፋቱን በግድቡ ላይ ለጠፈች፣ እኛም አስተባበልን። ክስ ከመጣ በኋላ የሚወጣን ቁጥር ማን አምኖ ይቀበላል? ገቢና ወጪው ውኃ በየጠዋቱ ቢነገር ኖሮ ማስተባበሉም ባላስፈለገ።

ነገሩ የጎርፍ ብቻም አይደለም። የውኃ ተመራማሪው ኬቨን ዊለርና ባልደረቦቹ ስለ ግድቡ በጥቅምት 2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሙሌቱ ይልቅ ወደፊት የሚመጣው የብዙ ዓመታት ድርቅ ቅንጅትን እንደሚፈትን በሞዴል አሳይተዋል።

አዲስ ውለታም አንጠየቅም። መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. ስለ ግድቡ እዚያው ካርቱም የተፈረመው የመርሆዎች ስምምነት የመረጃ ልውውጥን ያዛል። በእርግጥ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 የፈነዳው ጦርነት የሱዳንን መንግሥት ወደ ፖርት ሱዳን አሽሽቶት ስለነበር፣ ከቢሮ ወደ ቢሮ የሚላክ ደብዳቤ ለቱቲ ሰው በጊዜው አይደርስም ነበር። ስለዚህ የውኃና ኢነርጂ ሚኒስቴር የሐይቁን ከፍታ፣ የተለቀቀውን ውኃና የሚቀጥሉትን ቀናት ዕቅድ በየዕለቱ፣ በአማርኛም በዓረብኛም፣ ለሁሉም ክፍት አድርጎ ያውጣ። ከሚቀጥለው ሰኔ በፊት ይጀመር።


የቀድሞ የዴይም ነዋሪ