የገና ተጫዋች ዜና መዋዕል የት ተጻፈ?

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በተቀመጠችው በሉማሜና በዙሪያዋ ባለው የአዋበል ገጠር፣ ታኅሣሥ ሲጋመስ፣ ጤፉ ታጭዶ ወደ ክምር ከገባና ሜዳው ከእህል ነጻ ከወጣ በኋላ፣ ከጮቄ በኩል የሚመጣው ውርጭ በማለዳ ሣሩን ሲያነጣው፣ ጎረምሳው ዓይኑን ወደ ወይራው ቅርንጫፍ ያነሣል፤ የገና ዱላ ከተራ በትር የሚለየው ጫፉ በተፈጥሮው ቆልመም ያለ በመሆኑ ስለሆነ፣ ደኅናውን ቆልማማ አስቀድሞ ያየ አስቀድሞ ይቆርጠዋል። ዱላው ከተላገ በኋላ በእሳት ታሽቶ ቅቤ ይጠጣል፤ በዱላው የሚመታው ሩርም ከጠንካራ እንጨት ጕጥ ይጠረባል፣ ወይም ከጠፍር ይጎነጎናል። ጾመ ነቢያት ተፈጽሞ፣ ሕዝቡም አስቀድሶ ወደ ቤቱ ገብቶ ጾሙን ከፈታ በኋላ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል መንደር ከመንደር ይገጥማል።

የዚህ ጨዋታ ሥርዐት በሜዳ መስመርና በዳኛ ፉጨት ለለመደ ሰው እንግዳ ነው። የተጫዋቹ ቍጥር አይወሰንም፤ ሜዳው ዳር ድንበር የለውም፤ ግቡም አንዳንድ ጊዜ ከመነሻው ኪሎ ሜትሮች ይርቃል፤ ሩሩ ገደል ቢገባ ተከትሎ መውረድ፣ ወንዝ ቢሻገር ተሻግሮ መምታት እንጂ «ወጣ» ብሎ የሚያቆም የለም። ልደተ ክርስቶስን ከመላእክት የሰሙ ኖሎት ከደስታቸው ብዛት በያዙት በትር ተጫወቱ ከሚለው ትውፊት የተነሣ በዓሉና ጨዋታው በአንድ ስም ሲጠሩ ይኖራሉ፤ በዚያም ቀን ሎሌው የጌታውን ቅልጥም ቢመታ ጌታው አይቆጣም መባሉ፣ መዓርግ እንደ ካብ በተደራረበበት ማኅበረሰብ ውስጥ፣ ጨዋታው ምን ያህል ነጻነት ይሰጥ እንደ ነበረ ያስረዳል። ለዚህ ሁሉ ክብር ያለው ጨዋታ እስከ ዛሬ የተነፈገው ነገር ቢኖር ዜና መዋዕል ነው፤ ይኸውም ማን እንደ ተጫወተ፣ ከማን እንደ ተማረ፣ በስንት ዓመቱ ጀምሮ በስንት ዓመቱ ዱላውን እንደ ሰቀለ የሚናገር ጽሑፍ ነው።

ይህን ጕድለት አጕልቶ የሚያሳየው የገና የሩቅ ዘመድ የሆነው የበረዶ ሆኪ ነው። ዝምድናውን ለማስረዳት ብዙ መመራመር አያሻም፤ ቆልማማ ዱላ፣ ሁለት ወገን፣ መካከል ላይ የሚሳደድ አንድ ነገር፤ ልዩነቱ እነዚያ በረጋ በረዶ ላይ ስለት ባለው ጫማ እየተንሸራተቱ ክብ ጠፍጣፋ ጎማ መምታታቸው ነው። ሕዝቧ ከ5 ሚሊዮን ተኩል የማይበልጠው ስሎቫኪያ በዚህ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2002 የዓለም ሻምፒዮን ለመሆን የበቃች አገር ስትሆን፣ ከልጆቿም አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 በትሬንቺን ከተማ የተወለደው ዝዴኖ ኻራ ነው። አባቱ እ.ኤ.አ. በ1976 ኦሎምፒክ ለቼኮዝሎቫኪያ የተሰለፈ ታጋይ ነበር። ልጁ ግን ቁመቱ ከልክ አልፎ 2 ሜትር ከ6 ሳንቲሜትር ስለ ደረሰ፣ ይህ መለሎ ለሆኪ አይሆንም፣ ቅርጫት ኳስ ይሻለዋል የሚሉ አሠልጣኞች አልጠፉም። እርሱ ግን በእምቢታ ጸንቶ ወደ ፕራግ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የኒው ዮርክ አይላንደርስ ቡድን በ56ኛ ተራ መረጠው፤ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ በካናዳ ፕሪንስ ጆርጅ ወደምትባል ከተማ ሄዶ በወጣቶች ቡድን ተጫወተ፤ በ2001 ወደ ኦታዋ ተዛወረ፤ በ2006 የቦስተን ቡድን አምበል ሆነ፤ በ2011 የሰሜን አሜሪካውን የሆኪ ሊግ የስታንሊ ዋንጫ አነሣ፤ በ2012 የመታው ምት በሰዓት 175 ኪሎ ሜትር ሲበር ተለካ፤ በ2019 የፍጻሜ ግጥሚያ መንጋጋው ተሰብሮ ሳለ ወደ ሜዳ ተመለሰ፤ በ2022 ሲሰናበትም በሊጉ መደበኛ ውድድር 1,680 ጨዋታ ተቈጥሮለት ነበር፤ ይህም ለተከላካይ ከፍተኛው ቍጥር ነው።

እነሆ፣ አንድ ሰው ከልጅነቱ እስከ ስንብቱ በቍጥርና በዘመን ተጽፎ ይገኛል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ዋንጫው አይደለም፤ ዋንጫውንማ ጥቂቶች ብቻ ያነሡታል። ትልቁ ነገር፣ «አይሆንም» የተባለው ልጅ የሚሄድበት ሌላ ቡድን፣ ከዚያም የሚወጣበት ሌላ እርከን መኖሩ ነው። በአዋበል ዱላ አያያዙ አያምርም የተባለ እረኛ የት ይሄዳል?

ኻራ ሆኪውን ከተወ በኋላ ወደ ማራቶን ዞረ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የቦስተንን ማራቶን በ3 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ገደማ ጨረሰ። ይህን ስሰማ ወዲያው የታወሰኝ ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው። አበበ በልጅነቱ በሸዋ ሜዳዎች ላይ፣ ግቡ ኪሎ ሜትሮች በሚርቅ የገና ጨዋታ ሩር ሲያሳድድ ያደገ ሰው ነበር፤ በኋላም ክብር ዘበኛ ገብቶ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ጎዳና ባዶ እግሩን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ድል ነሣ፤ በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው በቦስተን ሮጦ 5ኛ ወጣ። እንግዲህ ገናን ተጫውቶ ሯጭ የሆነውና ሆኪን ጨርሶ ሯጭ የሆነው፣ 60 ዓመት ተራርቀው፣ አንድ ከተማ ጎዳና ላይ ሮጠዋል ማለት ነው። የአበበ ሩጫ እስከ ሰኮንዱ ተጽፏል፤ የሮጠበት እግር የጠነከረበት ገና ግን፣ በየትኛው መንደር ላይ ስንት እንዳገባ፣ ማን አብሮት እንደ ቆመ፣ አንድ መስመር እንኳ አልተረፈለትም። ሩጫውን የጻፉለት ሌሎች ናቸው፤ ገናውን መጻፍ የእኛ ፈንታ ነበር።

ይህም የሚያሳፍረው መጻፍ በማያውቅ አገር ባለመኖራችን ነው። ጎጃም የደብረ ኤልያስ፣ የዲማ ጊዮርጊስና የደብረ ወርቅ አገር ነው፤ የጻድቃኑ ገድል፣ የሰማዕታቱ ስንክሳር፣ የነገሥታቱ ዜና መዋዕል በብራና ሲጻፍ ኖሯል። ከዚህም በላይ የእርከን ትምህርት ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ የቅኔ ተማሪ በሁለት ቤት ከሚያልቀው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ ዘአምላኪየንና ሚበዝኁን አልፎ፣ ዋዜማውንና ሥላሴውን ዘልቆ፣ እስከ መወድስ ድረስ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ አንዱን ሳይችል ወደ ሌላው አይሻገርም፤ ከየትኛው መምህር እንደ ተቀኘም ሲጠየቅ የመምህሩን መምህር ጨምሮ ይቈጥራል። ትሬንቺን ለሆኪ ያደረገችው፣ ደብረ ኤልያስ ለቅኔ ካደረገችው የተለየ ጥበብ የለበትም። ለገና ግን ከልጁ ጎልማሳውን የሚለይ እርከን አልተሠራለትም፤ የአሥር ዓመቱ እረኛና የሠላሳ ዓመቱ ጎበዝ በአንድ ግርግር ውስጥ ይገባሉ፤ የልጁም ቅልጥም ዋጋውን ይከፍላል።

ለገናም እርከንና መዝገብ ይሠራለት ስል ሁለት ዓይነት መልስ እሰማለሁ። አንደኛው፣ በረዶ የለንም፣ ከእነዚያ ጋር ምን ያመሳስለናል የሚል ነው፤ ይህስ ቀላል ነው፤ በረዶ የሌላት አገር ልጅ የሆነው ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን፣ በ2010 በቫንኩቨር የክረምት ኦሎምፒክ ለኢትዮጵያ በበረዶ መንሸራተቻ ተወዳድሯል። ሁለተኛው መልስ ግን የሚከብድ ነው፤ ገናን በደመወዝና በደንብ ብታስሩት፣ ጌታና ሎሌ እኩል የሚሆኑበትን ተድላ ትገድሉታላችሁ የሚል ነው። በዚህ እኔም ግማሽ ልቤ ከተናጋሪዎቹ ጋር ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን በሉማሜ ሜዳ የሚደረገውን ግጥሚያ በቲኬትና በማስታወቂያ ሰሌዳ ከብቦ ማየት አልሻም፤ ደመወዝ የሚከፈለው የገና ተጫዋች እንዲወጣም አልማልድም። የኢትዮጵያ ባህል ስፖርት ፌዴሬሽን በሚያዘጋጀው ዓመታዊ ውድድር ገና ከትግል፣ ከገበጣና ከፈረስ ጉግስ ጋር ቦታ ማግኘቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን በዚያ የሚታየው፣ ሜዳው ተከርክሞ፣ የሰው ቍጥሩ ተወስኖ፣ ማልያ የለበሰ ገና ነው፤ ጫፉ አለ፣ ሥሩ ግን በየመንደሩ ያለ ጠባቂ ቀርቷል።

ስለዚህ የምለምነው እጅግ ጥቂት ነው። በሉማሜና በዙሪያዋ ያሉ ትምህርት ቤቶች ከኅዳር ጀምሮ ልጆቹን በዕድሜ ለይተው፣ ለታናናሾቹ ሩሩን ከጨርቅ ሠርተው፣ ዱላ ከጕልበት በላይ እንዳይነሣ እየገሠጹ ያለማምዱ። የበዓሉ ቀን ግጥሚያ እንደ ቀድሞው ያለ ወሰን ይሁን፤ ነገር ግን ማታ፣ እሳቱ ዳር፣ አንድ መዝገብ ይከፈት፤ የተጫዋቾቹ ስም፣ የመንደራቸው ስም፣ ያገባውና ዱላ አያያዝ ያስተማረው ሰው ይጻፍበት። ጸሓፊውም ከወረዳው የስፖርት ሹም ይልቅ ቅኔ የዘለቀ፣ እጁ ለጽሕፈት የተባ ደብተራ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ለድካሙም ሁለቱ መንደሮች ጥቂት ቁና ጤፍ ቢያዋጡለት ለአዋበል ገበሬ አይከብድም። የተሸነፈው ወገን፣ መዝገቡ አድልቷል ብሎ መከራከሩ የማይቀር ስለሆነ ደግሞ፣ ክርክሩ የሚጻፍበት አንድ ገጽ ከወዲሁ ባዶ ይተውለት።